ያለቀ ድንጋይ

እኛ ቤት አዲስ የቴፕ ድንጋይ የገባው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ አባቴ ከቴፑ ሆድ መልሶ አውጥቶታል።

ቴፑን ያመጣው የእናቴ ወንድም ወልደ ሥላሴ ነበር። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ፣ እየለመነ መጣ። ጠመንጃውን መንገድ ላይ ጥሎ ቴፑንና አንዲት ካሴት ብቻ በፎጣ ጠቅልሎ ነበር የገባው። እኛ ዘንድ አንድ ክረምት ተቀመጠ። ከዚያ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እወርዳለሁ ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። ቴፑ ከነካሴቱ ለእናቴ ቀረ።

ድንጋዮቹ ሲመጡም የደከሙ ነበሩ። አባቴ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል፤ ከዚያ በጥርሱ ነከስ ነከስ አድርጎ ይመልሳቸዋል። ካሴቱ ላይ ያለው ዘፋኝ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው በወፍራም ድምፅ፣ ቀስ ብሎ ይዘፍናል። መሲንቆው ይጎተታል። ከበሮው አንዴ ተመትቶ እስኪደገም ድረስ ሰው ተነሥቶ በር ዘግቶ ይመለሳል። ስንኙ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ድንጋዩ ይዝልና ድምፁ ቁልቁል ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ ከዚያ ትንፋሽ እንደሳበ ሰው እንደገና ይነሣል። የሠርግ ዘፈንና የበዓል ጭፈራ እናውቃለን፤ እሱ ለእግር ነው። ይህኛው ግን ለተቀመጠ ሰው የተሠራ ነው አልንና እንዳለ ያዝነው።

አንድ ፋሲካ አባቴ ከቡሬ ገበያ አዲስ ድንጋይ ገዝቶ መጣ። ቴፑ ሲከፈት ዘፋኙ ንብ እንዳባረረው ሰው ሮጠ። እናቴ ከምድጃው ዞራ፣ ይህን ሰው ምን ነካው፣ ማን እያሳደደው ነው አለች። አባቴ ድንጋዮቹን አወጣና በሚቀጥለው ገበያ ቀን ነጋዴው ዘንድ ሄዶ፣ ድንጋይህ ብልሹ ነው፣ ሰውየውን ያስሮጠዋል፣ ብሎ ሊመልስለት ሞከረ። ነጋዴው ወሬውን ለገበያተኛው ሁሉ አዳረሰው። ቡሬ ውስጥ አባቴን «የድንጋዩ ሰውዬ» የሚሉት ዛሬም አሉ።

ዘጠነኛ ክፍል ቡሬ ስማር የፊዚክስ አስተማሪያችን ስለ ሞተር ሲያስረዳ ነገሩ ገባኝ። ቅዳሜ ስንቅ ልወስድ ስመጣ ለአባቴ ነገርኩት፤ ዘፈኑ ድሮም ፈጣን ነው፣ የሚያዘግመው ድንጋዩ ስለደከመ ነው፣ አልኩት። አባቴ እርፍ ይጠርብ ነበር። ቀና ሳይል፣ «እንግዲያ ሲቀዱት ድንጋይ በዝቶባቸው ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ አላነሣሁበትም። እኔም ብሆን የምወደው የሚያዘግመውን ነው።

እንዲህ ሆኖ ነው ቤታችን ዘፈን የገባው። አባቴ ላቀው መሲንቆ ሠራ፤ እንደ ደንቡ በቆዳና በእንጨት ሳይሆን በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ። ስትመታ ብርጭቆ ውስጥ እንደገባች ዝንብ ትላለች። እናቴ አቻምየለሽ ቢጫውን ጀሪካን ጉልበቷ መካከል ይዛ ትመታለች። ባዶውን ከሆነ ይጮኻል፤ ስለዚህ ከሥሩ ጥቂት ውኃ ትተውበታለች፣ ያን ጊዜ ጎርነን ብሎ ውስጡ ይንቦጫቦጫል። እኔ ከውኃ ቧንቧ ቁራጭ የተበሳች ዋሽንት አለችኝ። እኅቴ ያምሮት ተቀባይ ናት። ባሏን ፈትታ ከመጣች ወዲህ ብዙም አትናገርም፤ ስትዘፍን ግን ትሰማለች። የካሴቱ ተቀባዮች ዘግይተው ይገቡ ስለነበር እሷም የእናቴ ድምፅ መሬት እስኪነካ ትጠብቅና፣ ሁሉም ያለቀ ሲመስል፣ ኋላ ቀርታ ትገባለች።

ያችን መጨረሻ «ማውረድ» እንላታለን። እናቴ በአገጯ ወደ መሬት ታመለክታለች፤ ያን ጊዜ ድምፁም፣ መሲንቆውም፣ ጀሪካኑም፣ ዋሽንቷም አብረው እንደ ደከመ ድንጋይ ቁልቁል ይወርዳሉ። ግጥሙን የምትገጥመው እናቴ ናት። አብዝታ የምትወደው ይህን ነበር፦

ቀስ በል የኔ በሬ፣ ገና አልመሸብንም፤
ቀድሞን የሄደ ሰው ከቶ አልበለጠንም።

ሰው ይስቅብን ነበር። አባቴ መሲንቆ መያዙ ራሱ ያስወራል፤ አዝማሪ ሆነ እንዴ ላቀው፣ ይላሉ። እሱ ደግሞ ከደጃችን ወጥቶ መትቶ አያውቅም። እኔ ገበሬ ነኝ፣ ይቺ ለቤቴ ናት፣ ይላል። ጎረቤታችን አያ እጅጉ እሑድ ከሰዓት በአጥራችን ሥር ሲያልፉ ቆም ይሉና፣ «ላቀው፣ በሬው ደክሞታል መሰለኝ፤ ፍታው እንጂ» ይሉታል። እናቴ ጀሪካኗን ሳታቆም፣ «አንቱ ይሩጡ፤ እኛ እንደርሳለን» ትላቸዋለች። አያ እጅጉ እየሳቁ ይሄዳሉ፤ ግን እስከ ስንኙ መጨረሻ ሳይሰሙ ሄደው አያውቁም።

አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ አልበቃ ብሎ ቤት በገባሁ ዓመት የእናቴ እንቅርት ባሰባት። እንቅርት በእኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ ብዙ ሴት አንገቷ ላይ እንደ ጌጥ ይዛው ታረጃለች። የእናቴ ግን ወደ ውስጥ ነበር የሚያድገው። ጋደም ስትል ትታፈናለች። ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ታነጋ ጀመር። ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ጻፉላት። ሐኪሙ መቆረጥ አለበት አለ፤ ካልተቆረጠ አንድ ቀን ትንፋሿን ይዘጋዋል። ከዚያ ወንበሩን ወደ እናቴ አስጠግቶ፣ የድምፅ ጅማት በዚያው እንደሚያልፍ፣ ተጠንቅቀው እንኳ ሊነካ እንደሚችል፣ ድምፅዋ ሊሄድ እንደሚችል፣ ላይሄድም እንደሚችል አስረዳት። እናቴ እንደ ተማሪ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችው። ዘፈኑ ነው ወይስ ንግግሩም ብላ ጠየቀች። ንግግሩም፣ አላት።

ቀጠሮው ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ወደቀ።

ድምፅዋን እናስቀር የሚለውን ያመጣችው ያምሮት ናት። የእኛ ቴፕ መቅጃው ተሰብሯል። ፍኖተ ሰላም ግን ዋናው መንገድ ላይ ጌታሁን የሚባል ካሴት ሻጭ አለ፤ በኦርጋን ያጅባል፣ ይቀዳል፣ ይባላል። አባቴ መጀመሪያ እንቢ አለ። እናቴ ግን ያን ዕለት ሳትሠራ ቁጭ ብላ ቆየችና፣ «ብሄድም ብመጣም ለልጆቹ ትቅር» አለች። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። ነገር ግን መቸኮል ነበረብን። ሁዳዴ ከገባ ቤታችን መሲንቆ ይሰቀላል፤ እናቴ በጾም ከምትዘፍን ድምፅዋን ብታጣ ትመርጣለች። የቀረችን የቅበላዋ ቅዳሜ ብቻ ነበረች።

አስፋልት ድረስ በእግር ወጣንና አንድ አይሱዙ ላይ ተሳፈርን። አባቴ መሲንቆውን በጋቢው ሸፍኖታል። ጀሪካኑ ግን የሚሸፈን አልሆነም። አንድ እህል ነጋዴ አይቶን፣ ፍኖተ ሰላም ድረስ ውኃ ልትቀዱ ነው፣ ቢል እናቴ፣ «አዎ፤ እኛ ግን የምንቀዳው ድምፅ ነው» አለችው። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ሳቁ አሳላትና አባቴ እስክንደርስ ጀርባዋን ይዞ ሄደ።

ጌታሁን ጨዋ ሰው ነበር። ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ከተለበጠች ጠባብ ክፍል አስገባንና፣ እስቲ እንዳላችሁ ልስማው አለ። አንድ ዘፈን አሰማነው። መሐል ላይ አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ማውረዱ ላይ ስንደርስ ግን እጁን አወረደና አየን። ስንጨርስ አባቴን፣ አባባ፣ ዜማው ቆንጆ ነው፣ ግን ይጎተታል፣ ሰው እንዲህ ያለ አይሰማም አለው። አባቴ ለሰው አይደለም አለ።

«ቢሆንም አባባ፣ ይሄ እኮ ለዘለዓለም የሚቀመጥ ነው። ለዘለዓለም የሚቀመጥ ነገር ተስተካክሎ ይቀመጥ እንጂ።»

አባቴ ቤት ሲሠራ ውኃ ልክ ሳይለካ ምሰሶ የማያቆም ሰው ነው። እሺ አለ።

ጌታሁን ኦርጋኑን ከፍቶ አንዱን ቁልፍ ሲጫን ከበሮው ለብቻው መምታት ጀመረ፤ እንደ ወፍጮ፣ ማንንም ሳይጠብቅ። መሲንቆዋ እየጮኸች አስቸገረች፤ አባቴ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጀሪካኑም ማይኩ ላይ ስለሚያጓራ ተቀመጠ። የእኔ ዋሽንት ከኦርጋኑ ጋር አልገጠመችም፤ እኔም ተቀመጥኩ። ያምሮት ሦስቴ ሞከረች፤ ሦስቴም ከበሮው ጥሏት አለፈ። ጌታሁን ተቆጥቶ አልተናገራትም፤ እኅቴ፣ ይቅርብሽ፣ ምንም አይደል አላት። መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

እናቴ ብቻዋን ቆማ ቀረች፤ ሻሿ ላይ ማዳመጫውን አጥልቆላት። ከዚህ ከፍ አድርገው ይያዙት፣ እማማ፣ አላት፤ ከፍ አደረገች። ፈጠን ይበሉ፣ አላት፤ ፈጠነች። ስንኙ መሐል ትንፋሽ ሲያጥራት አቆመላት፣ ውኃ አጠጣት፣ ጠበቃት። መጨረሻውን አይጎትቱት፣ ቁርጥ ያድርጉት አላት። እናቴ ቁርጥ አደረገችው። አገጯ ግን እንደ ልማዱ ወደ መሬት አመለከተ። እኛ ሦስታችን አግዳሚው ላይ ባዶ እጃችንን ተቀምጠን አየናት።

የመጨረሻው ዘፈን እንዳለቀ መብራት ጠፋ። ጌታሁን በመስኮቱ ብርሃን ካሴቱን አወጣና በቀይ እስክሪብቶ «ወይዘሮ አቻምየለሽ» ብሎ በሚያምር ጽሑፍ ጻፈበት። ሁሉም ገብቷል፣ አይስጉ፣ አለን። መብራቱን ብንጠብቅ መኪና ስለሚያመልጠን ሳንሰማው ሄድን። ከመኪናው ወደምንወርድበት ስንቃረብ እናቴ፣ «ሩጫ ነበር» አለች። አባቴ፣ ለዘለዓለም ነው፣ ተስተካክሎ ይቀመጥ አላት።

ሰኞ ሁዳዴ ገባ። መሲንቆው ተሰቀለ፤ ካሴቱ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልሎ ሳጥን ገባ።

ከባሕር ዳር ስትመለስ አንገቷ ላይ የገመድ ምልክት የመሰለ ጠባሳ ነበረባት። ትንፋሿ ግን ንጹሕ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ጀርባዋ ላይ ተንጋልላ፣ እንደ ሕፃን እጆቿን ዘርግታ ስትተኛ አባቴ ደጅ ወጥቶ አለቀሰ። ድምፅዋ አልነበረም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ነፋስ ነው። አጠገቧ ሆኖ ጆሮውን ያስጠጋ ሰው አንዳንድ ቃል ይለቅማል። ሐኪሙ በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል ብሎ ነበር። ያምሮት ለሆሳዕና ይመለሳል አለች፤ ከዚያ ለፋሲካ አለች። እናቴ እኛን የምትጠራው በጭብጨባ ሆነ። ላሟ ግን ጭብጨባ አልገባትም። ድሮ ከሜዳው ማዶ በስሟ ስትጠራት እየሮጠች ትመጣ ነበር፤ አሁን ቆማ ታያታለች። እናቴ አፏን ትከፍታለች፤ ላሟ ታያታለች። ከዚያ እናቴ በእግሯ ሄዳ በገመድ ትስባታለች። እኔ ከዋርካው ሥር ተቀምጬ ቀኑን በሐሳብ ስፈጅ ይህንን ስንት ጊዜ አየሁት። ተነሥቼ ላሟን ላመጣላት እችል ነበር፤ ስነሣ ግን በእጇ ተቀመጥ ትለኛለች።

ሁዳዴን የምንቆጥረው ለሥጋው አልነበረም። ሁላችንም ሳጥኑን እያየን ነበር።

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት አባቴ አዲስ ድንጋይ ይዞ ገባ። ለሌላ ዘፋኝ ሳይሆን ለእሷ ነው፣ ለእሷ ያለቀ ድንጋይ አላደርግም አለ። አያ እጅጉ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጥተው ጠላ ይዘው ተቀምጠዋል። ያምሮት ካሴቱን ከነጠላው ፈታችው።

መጀመሪያ ኦርጋኑ መጣ፣ ከዚያ ያ ወፍጮ ከበሮ። ከዚያ አንዲት ሴት። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ትፈጥናለች፤ ቃሉን ከአፏ ሳትጨርስ ሌላው ይደርስባታል፤ ስንኙ መጨረሻ ላይ በመጋዝ እንደተቆረጠ ቁርጥ ትላለች። ቀስ በል የኔ በሬ ትላለች፤ በሬዋ ግን እየጋለበ ነው። አያ እጅጉ ሊያስደስቱን ፈልገው መሰለኝ፣ «አሁንስ ተስተካከላችሁ» አሉ። ወዲያው በተናገሩት ነገር ያፈሩ መሰሉና ወደ ጠላቸው አቀረቀሩ።

እናቴ ወደ ቴፑ ተጠግታ፣ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች። ፊቷ ላይ እንግዳ ሰው ሲገባባት የምታሳየው ያ ትሕትና ነበር። ከዚያ የእጅጌዬን ጫፍ ሳበችኝና በዚያ ነፋስ በሆነ ድምፅዋ ጠየቀችኝ።

«ይቺ ማን ናት?»

አባቴ ጥያቄውን ከከንፈሯ አንብቦት ነበር። ተነሥቶ ቴፑን አጠፋው፤ ሆዱን ከፍቶ አዲሶቹን ድንጋዮች በመዳፉ አወጣ። የድሮዎቹን ፈለግናቸው። የሉም፤ ተበልተው ዝገት አውጥተው ስለነበር የሰፈሩ ልጆች ጥቁራቸውን ለትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ማጥቆሪያ ወስደውታል። አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ።

ከበራፉ ቆሜ አየሁት። በፋሲካ ቀን፣ ሰው ሁሉ ሲበላና ሲጠጣ፣ ከቤት ቤት እየገባ ያለቀ ድንጋይ አላችሁ ይላል፤ አዲሱን በእሱ ልለውጣችሁ ይላል። የሚስቁ አሉ። ላቀው ጠጥቷል የሚሉ አሉ። አንዳንዱ ቤት እውነትም የሞተ ድንጋይ ይሰጡታል፤ እሱ በምላሱ ቀምሶ፣ ይሄ ሞቷል፣ የሚያጣጥር ነው የምፈልገው፣ ብሎ ይመልሳል።

ባዶ እጁን ሲመለስ አያ እጅጉ ከተቀመጡበት ተነሡ። ቤታቸው ሄደው ከሬዲዮናቸው ያወጧቸውን ድንጋዮች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ከሁዳዴ ጀምሮ ዜና የሚሰሙት ጆሯቸውን ለጥፈው ነበር። አባቴ አዲሶቹን ሲዘረጋላቸው እጁን መልሰው ገፉት።

«በሬው የደከመ ነው፣ ላቀው፤ ለእናንተ ይሆናችኋል» አሉት።

አባቴ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በጥርሱ ነከሳቸውና ከተታቸው።

ኦርጋኑ መጀመሪያ እንደ ታመመ ከብት አቃሰተ። ወፍጮው ከበሮ ደከመው፤ አንዱን መትቶ እስኪደግም ሰው ተነሥቶ በር ዘግቶ የሚመለስበት ጊዜ ሆነ። ከዚያ እናቴ መጣች። ወፍራም፣ ዝግ ያለች፣ እያንዳንዱን ቃል አገላብጣ የምታስቀምጥ። ያምሮት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ስንኙ መጨረሻ ላይ ያ ጌታሁን ቁርጥ ያስደረጋት ቦታ ሲደርስ ድንጋዩ ዛለ፤ ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ ተነሣ። የእናቴ አገጭ ወደ መሬት አመለከተ። ከዚያ እጇን ወደ ጥግ ዘረጋች፤ ጀሪካኑን አቀበልኳት። ነቅነቅ አድርጋ ከሥሩ ውኃ መኖሩን አረጋገጠች።

አባቴ መሲንቆውን ከተሰቀለበት አወረደ። እኔ ዋሽንቷን ያዝኩ። ከካሴቱ ጋር አልነበረም የምንመታው፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀሩብንን አሁን እያመጣንላት ነበር። ኦርጋኑ ከቆርቆሮው መሲንቆ ሥር ገብቶ ጠፋ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ድንጋዩ መድከም ጀመረ። ቀድሞን የሄደ ሰው፣ አለች፤ ድምፅዋ ከሰው ድምፅ ወደ በሬ፣ ከበሬ ወደ ምድር ወረደ። ከቶ አልበለ፣ አለችና ቆመች። ቴፑ ቀጭ ሳይል እንዲያው ዝም አለ። ያምሮት ለመቀበል አፏን ከፍታ የእናቴን መጨረሻ ትጠብቅ ነበር። መጨረሻው አልመጣም። ሁላችንም የእናቴን ፊት አየን።

እናቴ ጀሪካኑን መታች። አንድ ጊዜ፣ ቆይታ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ረጅም ቆይታ በጣቷ ጫፍ ብቻ። በአገጯ ወደ መሬት አመለከተች። አባቴና እኔ ተከትለናት ወረድን። ቃሉ የነበረበትን ቦታ ማንም አልሞላውም። ሁሉም ነገር መሬት ሲነካ፣ ያለቀ ሲመስል፣ ያምሮት ኋላ ቀርታ ገባች።

አያ እጅጉ እስከ መጨረሻው ሰምተው ወጡ።

ድምፅዋ እስከ ክረምቱም አልተመለሰም። ካሴቱም በተከፈተ ቁጥር እየሳሳ ነው፤ አሁን አንዳንዱ ቃል የለም። እሑድ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ ድንጋዮቹን ደጃፉ ላይ፣ በርበሬ በምታሰጣበት ሰፌድ ታሰጣቸዋለች። አጠገባቸው ትቀመጥና በጣቷ እያገላበጠች፣ አንዳንዴም ወደ ጉንጯ እያስጠጋች ሙቀታቸውን ታያለች። ፀሐዩ ሲበረታ አንሥታ ጥላ ውስጥ ታስገባቸዋለች፤ በጣም እንዳይበረቱባት።